ብድር የሌለበት ጎመን

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከተዘዋዋሪ ገንዘባችን ላይ “የጓሮ አትክልት ብድር” የሚባል አዲስ የብድር ዓይነት እንክፈት፤ ዘር፣ ማዳበሪያና መኮትኮቻ መግዛት የምትፈልግ አባል ትበደር፤ ጎመኗንና ቆስጣዋን እየሸጠች በየሳምንቱ ትክፈል የሚል ነው። ሐሳቡን ያነሱት እህቶች ለሁላችን አስበው ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ “እስቲ አስልተሽ ንገሪን” ተባልኩ። አስልቻለሁ። ዛሬ ስሌቱን አቀርባለሁ፤ ቀጥሎም በሌጀር ላይ ቦታ የማይገኝለትን ነገር እናገራለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ጓሮ አትክልቱን እደግፋለሁ፣ ብድሩን አልደግፍም።

ከስሌቱ እንጀምር። በቾ ቦሬ ውስጥ ብዙዎቻችን ያለን ቦታ ከቤት ጀርባ ወይም ከአጥር ሥር ያለች ቁራጭ መሬት ናት። እንዲቀለን አራት ሜትር በሦስት ሜትር እንበላት፤ 12 ካሬ ሜትር ትሆናለች። አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት መደቦች እናውጣባት። በመካከላቸው እየተመላለስን የምናርምባቸው የግማሽ ሜትር መተላለፊያዎች ይኖራሉ። ለተክል የሚቀረን 9 ካሬ ሜትር ነው። በመጀመሪያው መደብ የአበሻ ጎመን በሁለት ረድፍ፣ በእግሮቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር እየተውን ብንተክል 14 እግር ያህል ይይዝልናል። በሁለተኛው ቆስጣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብንተክል 20 እግር ይሆናል። ሦስተኛው ለካሮት፣ ለሰላጣና ለጥቂት እግር ቃሪያ ይሁን።

ጎመኑ ሲደርስ ከእያንዳንዱ እግር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት የታች ቅጠል እንቆርጣለን፤ ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ተክሉ ይዳከማል። 14 በ3 ሲባዛ 42 ቅጠል ነው። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ቀን የሚበላ ወጥ ይወጣዋል፤ ወደ ገበያ ካወጣነው ግን ጥቂት እስር ብቻ ነው። የአንዱን እስር ዋጋ እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። በልባችሁ አባዙት። ከዚያ ላይ የሳምንቱን የብድር ክፍያ ቀንሱ፤ የሳምንቱን ቁጠባም ቀንሱ። እኔ ቀንሼ ሳየው የሚተርፍ ነገር አላገኘሁም። ይህም ክሽክሽ ሳይወርደው፣ የጎረቤት ዶሮ ሳይገባበት፣ በረዶ ሳይመታው ነው። ደግሞ ችግኙ ከመፍያው ወደ መደቡ እስኪዛወር ከአንድ ወር በላይ ይፈልጋል፤ ከተዛወረ በኋላም ለመቆረጥ ሌላ ሳምንታት አሉት። የብድሩ ክፍያ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል። መሬቷ ገና ባዶ ሳለች ዕዳው በቅሎ ይጠብቀናል ማለት ነው።

ሰፊ ግቢ ያላት፣ ውሃዋ አስተማማኝ የሆነ፣ አትክልት ሸጣ ለመኖር የወሰነች አባል ብትኖር እሷ ነጋዴ ናት። ለእሷ አሁን ያለው የንግድ ብድር ደንባችን ይበቃታል፤ እንደማንኛዋም ነጋዴ ዕቅዷን ታቅርብና ትበደር። እኔ የምናገረው ስለ ሦስት መደቧ ጓሮ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ዕዳ ያለበት ጎመን የማን ጎመን ነው? ሐሙስ ሲደርስ ለምለሙ ቅጠል ታስሮ ወደ ሄርማታ ገበያ ይሄዳል። ትል የቀዳደደውና የጠወለገው ወደ ድስታችን ይገባል። ይህን አዲስ ነገር አድርጌ አላወራችሁም፤ በእንቁላል ላይ ሲደርስ ሁላችንም አይተናል። ዶሮ ሞልቶበት ልጆች እንቁላል የሚቀምሱት ለበዓል ብቻ የሆነበትን ቤት የማያውቅ ከመካከላችን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። አረንጓዴ ቅጠል ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃን የሚጠቅመው ፎሌትና የቫይታሚን ኤ መነሻ አለው። ይህን ከደጃችን ቆርጠን ለክፍያ ካወጣን በኋላ ለልጆቻችን መልሰን ምን ልንገዛ ነው?

እንግዲህ ለትርፍ ካልሆነ ለምን እንድከም ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናታችን ሁላችንንም ያሳቀ ነገር ተናግረዋል። “ልጄ፣ እኔ ከገጠር የወጣሁት ከዶማ ሸሽቼ ነው፤ አንቺ ደግሞ ዶማውን ደስታ ነው እያልሽ ከተማ ድረስ ይዘሽብኝ መጣሽ” አሉኝ። እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ ግን መልስ የሚገባው ነው። በልጅነታቸው ያለ ውድ በግድ የቆፈሩ፣ ውሃ በጀርባቸው ያመላለሱ እናቶች ፊት ቆሞ ስለ ጓሮ ደስታ ማውራት ድፍረት ይጠይቃል።

መልሴ ይህ ነው። ያ ሥራ ግዴታ ነበር። መጠኑን የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር፤ ምርቱንም የሚቆጥረው ሌላ ሰው ነበር። አሁን የምለው ጓሮ ግን ልክ አለው። አንዲት መደብ ናት። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃታል። ሲደክማችሁ ትተዋችኋላችሁ፤ ለምን ተዋችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ሴቶች ከምንሠራው ሥራ ስንቱን ነው ሲደክመን የምንተወው? እንጀራው አይተውም፣ ልጁ አይተውም፣ መሥሪያ ቤቱ አይተውም። እንግዲህ በፈለግነው ሰዓት የምንጀምረው፣ በፈለግነው ሰዓት የምናቆመው አንድ ሥራ ቢኖረን ምን አለበት? እዚህ ላይ የብድር ክፍያ ብንጨምርበት ግን ያቺ መደብ ተመልሳ ያ የድሮው ዶማ ትሆናለች። እናታችን የሸሹት ነገር ቤታቸው ድረስ ይመጣባቸዋል።

ደስታው ምን ይመስላል? እኔ ወር መጨረሻ ላይ ሂሳብ ስዘጋ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ነው የምውለው። አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ጠፋ ተብሎ የወሩ ደረሰኝ ሁሉ ይገለበጣል። ቤት ገብቼ ልብሴን ቀይሬ መደቡን መኮትኮት ስጀምር ግን ትከሻዬ ሲፈታ ይታወቀኛል። ይህ የእኔ ብቻ ስሜት አይደለም። በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 30 የጓሮ አትክልት ወዳጆችን ሰብስበው መጀመሪያ አእምሮ የሚያስጨንቅ ሥራ አሠሯቸው። ከዚያ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ ውጭ ወጥተው መደባቸውን እንዲሠሩ፣ ግማሾቹ ቤት ተቀምጠው እንዲያነቡ አደረጉ። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ወረደ፤ በአትክልተኞቹ ላይ ግን ይበልጥ ወረደ። ጥናቱ የታተመው በ2011 እ.ኤ.አ ነው። ሰዎቹ ያመረቱትን ሸጠው አልነበረም የቀለላቸው።

ደስታው ትንንሽ ነው፣ ግን ብዙ ነው። ባቄላ ከአፈር ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። ካሮት ስናሳሳ ከምንነቅለው ጣት የማታክል ካሮት የሚወጣው ሽታ ቤት ያስገባል። ልጆች ገበያ የተገዛ ካሮት ሲሰጣቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ራሳቸው የነቀሉትን ግን በልብሳቸው ጠርገው ይበሉታል። ቡና ተፈልቶ “ጤና አዳም አለ?” ሲባል ከደጅ ቆርጦ መምጣት፣ ለረመዳን ሾርባ ድንብላሉን፣ ለሁዳዴ ጎመኑን ከገዛ ጓሮ ማውጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መስጠት። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ “ትንሽ ጎመን” ስትል “ነይ ቁረጪ” ማለት። ዕዳ የሌለበት ጓሮ ይህን ይፈቅዳል። ዕዳ ካለበት ግን ለጎረቤት የተሰጠው እያንዳንዱ ቅጠል ከክፍያው ላይ የጎደለ ነው፤ ያኔ አጥር ላይ ብቅ ያለችው ጎረቤት እንደ ወጪ መታየት ትጀምራለች። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን አውቃለሁ፦ አንድ ነገር በመዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ሰው የሚያየው በመዝገቡ ዓይን ነው።

ስለ ጎመን ስናወራ ደግሞ ክብሩን እንወቅለት። በአገራችን ጎመን የችግር ጊዜ ምግብ ነው ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ የጎመኑ ምንቸት እንዲወጣ፣ የገንፎው ምንቸት እንዲገባ የሚመኙት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ግን “ጎመን በጤና” እንላለን፤ ሰላም ካለ እሱ ይበቃናል ማለታችን ነው። የእኛ ጎመን፣ በኦሮምኛ ራፉ የምንለው፣ ከሌላው ዓለም ጥቅል ጎመን የተለየ ዘር ነው። በጥንት ጊዜ የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የተገኘ ነው። ይህን በ1935 እ.ኤ.አ ዩ ናጋሃሩ የተባለ በጃፓን የሚሠራ የዕፀዋት ሊቅ በክሮሞሶም ቆጠራ አሳይቷል። የሰናፍጭ 8 ጥንድ፣ የጥቅል ጎመን ወገን 9 ጥንድ፣ የእኛ ጎመን 17 ጥንድ። ሂሳቡ ምንም አልጎደለበትም። ሩሲያዊው የሰብል ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭም በ1927 እ.ኤ.አ ወደ አገራችን መጥቶ ዘር ከሰበሰበ በኋላ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ ሰብሎች ከተገኙባቸው ጥቂት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ያንን ዘር እስከዚያ ዘመን ያቆዩት ገበሬዎች ናቸው፤ የጓሮውን ዘር ደግሞ በብዛት ከምድጃ በላይ በጭስ ቦታ ሰቅለው ያቆዩት እንደ እናንተ ያሉ እናቶች ናቸው።

አሁን መሞከር ለምትፈልጉ፣ በእኛ ከተማ የሚሠራውን ላካፍላችሁ።

ጅማ ዝናብ አይነፍጋትም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፤ ደረቅ የሚሆነው በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ስለዚህ የእኛ ችግር በአብዛኛው ውሃ ማነስ ሳይሆን ውሃ መብዛት ነው። መደባችሁን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፤ በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ አይበሰብስም። ቲማቲምን በክረምት አትትከሉ፤ እርጥበቱ ቅጠሉን አጥቁሮ ይጨርሰዋል። ዝናቡ ሲያባራ ተክላችሁ በበጋው ብታጠጡት ይሻላል። ጎመንና ቆስጣ ግን ክረምቱን ይችሉታል።

አፈራችን ቀይ ነው፤ ኮምጣጣነት ያጠቃዋል። የምድጃ አመድ በትንሽ በትንሹ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ፤ ኮምጣጣነቱን ያበርደዋል። ማዳበሪያ ለመግዛት መበደር አያስፈልግም፤ የምንኖረው ቡና አገር ነው። የቡና ገለባ፣ የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ እበት ከተገኘም እበት፣ በየንጣፉ ደርባችሁ፣ አርጥባችሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጣችሁ ሦስት አራት ወር አቆዩት። ጠቁሮ የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ገለባውን ሳይበሰብስ ትኩሱን በተክል ሥር አታድርጉት፤ ሲበሰብስ ለተክሉ የሚገባውን ናይትሮጅን ይወስድበታል።

ካሮት ችግኝ አይወድም፤ ዘሩን በቀጥታ በመደቡ ላይ በመስመር ዝሩ፤ ሲበቅል አሳሱት። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ግን በትንሽ መፍያ አፍልታችሁ፣ ደመና በሆነ ቀን ወይም ወደ ማታ አዛውሯቸው። ክሽክሽ ሲወርድ መጀመሪያ በጣታችሁ ጨፍልቁት፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ሥሩን የሚቆርጠውን ትል በማለዳ አፈሩን ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ ከተማውን አቋርጦ የመጣ የወንዝ ውሃ አታጠጡ፤ የቧንቧ ወይም ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ።

ጓሮ የለንም የምትሉ ተከራይ እህቶች አላችሁ። የቡና ኬሻ፣ አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ሳፋ ይበቃል። ከታች ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከአፈርና ከብስባሽ ድብልቅ ሙሉት፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ አስቀምጡት። ኬሻ ላይ ሦስት እግር ጎመን ይቆማል። ቤት ስትቀይሩም ከዕቃችሁ ጋር ተጭኖ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ገንዘብ ፈጀ? ከዘሩ በቀር ምንም ማለት ይቻላል። እንግዲህ የቀረን ዘር ብቻ ከሆነ፣ በብድሩ ፋንታ የማቀርበው ሐሳብ ይኸውላችሁ።

ማኅበራችን አንድ የዘር ቆርቆሮ ይኑረው። ጎመን የተከለች አባል አምስት ስድስቱን ጠንካራ እግር ሳትቆርጥ ታሳብባቸው፤ ፍሬው ቢጫ ሲሆን አጭዳ፣ አድርቃ፣ ወቅታ ታምጣ። ከአንድ እግር ብቻ አትውሰዱ፤ ከብዙ እግር የተሰበሰበ ዘር ጠባዩ አይጠብም። ድንብላል፣ በሶብላ፣ ዱባ፣ ቃሪያ፣ ባቄላም እንደዚሁ እዚሁ ይዘራሉ፣ እዚሁ ዘር ይሰጣሉ። የካሮትና የጥቅል ጎመን ዘር ግን ለማበብ ብርድ ስለሚፈልግ በእኛ ከተማ አይሆንም። እሱን ከሱቅ አንድ ፓኬት ለአምስት ሆነን እንገዛለን፤ አንድ ሰው ብቻውን ከገዛው ግማሹ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል። ችግኝ ያፈላችም የተረፋትን በጀበና ቡናችን ቀን ይዛ ትምጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ይህ ነገር ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ። የአገራችን የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1976 እ.ኤ.አ ነው። ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው የታገሉለት ሐሳብ ዘር በማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በማሳው ላይ እየተዘራ መጠበቅ አለበት የሚል ነው። የእኛ ቆርቆሮ የዚያው ሥራ ታናሽ እህት ትሁን።

ለቆርቆሮው ሦስት ደንብ ብቻ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዘር የወሰደች ሲደርስላት ትመልሳለች፤ ካልደረሰላትም አትጠየቅም። ሁለተኛ፣ ቅጣት የለበትም። በቁጠባችን ላይ ለዘገየች ቅጣት አለን፤ ለሱም ምክንያት አለን። እዚህ ግን አይግባ። ሦስተኛ፣ ማን ስንት ወሰደች፣ ማን ስንት መለሰች የሚል መዝገብ አይከፈትለት። እኔን መዝጋቢ ልታደርጉኝ እንዳሰባችሁ አውቃለሁ፤ ለዚህ አልመዘግብም። መዝገብ ለሌላው ሥራችን ሁሉ ያስፈልገናል። ገንዘባችን የተጠበቀው በመዝገብ ነው፤ እርስ በርሳችን የምንተማመነውም በእሱ ነው። ግን ማኅበር ከሆንን ዘንድ አንድ እንኳ ሳንቆጥር የምንሰጣጠው ነገር ይኑረን።

ስለዚህ ሰብሳቢያችን ሐሳቡን ለድምፅ ሲያቀርቡ በጓሮ አትክልት ብድሩ ላይ “ይቅር” እንድትሉ፣ በዘር ቆርቆሮው ላይ እጃችሁን እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ከዶማ ሸሽቼ መጣሁ ላሉት እናታችንም አንድ ኬሻ ጎመን አዘጋጅቼላቸዋለሁ፤ ሦስት እግር ነው፣ ዶማ አይፈልግም። ካልወደዱት ለጎረቤት ይስጡት።

ጥያቄ ያላችሁ እህቶች አሁን ጠይቁኝ፤ የቆስጣ ችግኝም በር ላይ በካርቶን አለ፣ ስትወጡ ውሰዱ።